የአብሽ ውሃ፦ ከካዛንቺስ ግቢ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ፍሪጅ

ካዛንቺስ ባደግሁበት የቀበሌ ቤት፣ ለፊት ብቻ ተብሎ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ሳሙናው አንድ ነው፤ ለገላም ለልብስም። ፊት ሲሻክር ወይ ብጉር ሲወጣ እናቴ ማታ አንድ ማንኪያ አብሽ በስኒ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ፍሬው አብጦ ውሃው ሲዝለገለግ አጥልላ ፊታችንን ታሸናለች፤ ትንሽ ቆይተን እንለቀለቃለን። የተረፈው ወዲያው ይደፋል። "ካደረ ይሸታል" ነበር መልሷ፤ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ የለም።

ከአጥሩ ሥር ደግሞ ለፊት የምንቀባው እሬት ነበረን። ቅጠሉ ይቆረጥና ቢጫው መራራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ቁልቁል ይደገፋል፤ ነጩ ዝልግልግ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጫው ቆዳ ያስቆጣል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግቢውም እሬቱም አብረው ሄዱ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሀበሻ ሱቅ ውስጥ አብሹም እርዱም ጥቁር አዝሙዱም ሞልቷል። ችግሩ እዚህ የምንሠራው ለወር መሆኑ ነው። እሁድ ተፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ በፓምፕ ጠርሙስ ተሞልቶ ሙቀትና እርጥበት በማይለየው መታጠቢያ ቤት ይቀመጣል። የአብሽ ውሃ ደግሞ ለባክቴሪያና ለሻጋታ የተዘረጋ ድግስ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ጠርሙሷ ሥር ጥጥ የመሰለ ነገር አይታ "ዝቃጭ ነው" ብላ ልትበጠብጠው ስትል ነው የያዝኳት! ከሱቅ የሚገዛ የፊት ማጠቢያ ጀርባ ላይ ስናየው የምንሸሸው ፌኖክሲኢታኖል የተጨመረው ይህንኑ ለመከላከል ነው። "ኬሚካል የለውም" የምንለው ኩራት እኔን አያሳምነኝም።

የባሰው ደግሞ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር ፍለጋው ነው። "እንዶድ ላኩልኝ፣ ለፊቴ ነው" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አረፋ ማውጣቱ እውነት ነው፤ ሳፖኒን አለው፤ ጋቢና ነጠላ ሲያነጣ የኖረው እሱ ነው። ግን ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን ማስታወስ ይበጃል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ስለሆኑ ግኝቱ ትልቅ ነገር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሲወቀጥ እንኳ የሚያስነጥስ ነገር ዓይን አጠገብ ምን ይሠራል? ሰፈራችን ውስጥ በእንዶድ ፊቱን የሚታጠብ ሰው አላየሁም።

ሎሚም ያው ነው። አሲድነቱ ለቆዳ ይከብዳል፤ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ ከወጡ ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል።

ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስንሯሯጥ በየቀኑ መዘፍዘፉንና ማጥለሉን ማን ይችለዋል ለምትሉ፣ እኔ የአብሹን ውሃ እንደጠለለ በበረዶ መሥሪያው ፕላስቲክ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ። ማታ አንዷን አውጥቼ በስኒ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ሟሙታ ትጠብቀኛለች። እርድ ግን አልጨምርበትም፤ ነጭ ፎጣ አይምርም።