መርዶና የባቡር ትኬት

ጀርመን አገር በፈጣን ባቡር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን «ስንት ከፈላችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከፍራንክፈርት ሐምቡርግ ሲሄዱ አንደኛው ከ20 ዩሮ በታች፣ ሌላው ከ100 ዩሮ በላይ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ያው፣ መስኮቱም ያው፣ የሚደርሱበት ደቂቃም ያው ነው። የመጀመሪያው ሐምቡርግን ማየት እንዳማረው ከሁለት ወር በፊት አውቆ ትኬቱን ቆርጧል። ሁለተኛው ትናንት ማታ ስልክ ተደውሎለታል። ለቅሶ ደራሹ ከሽርሽረኛው አምስት እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው። ማሽኑ ለምን እንደምትሄድ አይጠይቅህም፤ የሚጠይቅህ መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

«ታዲያ ቀደም ብሎ መቁረጥ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ጀርመኖቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ይሠራል። ቀብራቸው ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ካርድ ይላካል፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል። የእኛ መርዶ ግን ማለዳ ይፈልጋል። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ማንኳኳት አለበት። በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ስደት ስንቱን ወጋችንን ሲሸረሽር ይህን አልደፈረውም። እንዲያውም ያጠበቀው ይመስለኛል፤ ቀብሩ ሩቅ ስለሆነ ለሐዘንተኛው የሚቀረው የሚያቅፈው ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ የሥራ ቀን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ከጎንደር ተደወለልኝ። የሐምቡርጉ ወዳጃችን እናት ዐርፈዋል። የደወሉት ታላቅ እህቱ ናቸው።

«ወንድምዬ፣ ብቻውን እንዳይሰማብኝ። እናንተ አላችሁለት፤ ሄዳችሁ አርዱት» አሉ።

«እሺ እትዬ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

አራት ሆነን ለመሄድ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ የሒሳብ እንጂ የሐዘን አልነበረም። አንዱ «የቡድን የቀን ትኬት እንግዛ» አለ። ይህ ትኬት እስከ አምስት ሰው በተራ ባቡር የሚያሳፍር ርካሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አያገለግልም። በሦስት ሰዓት ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ሐምቡርግ ላይ የማለዳ መርዶ አይነገርም። ሌላው የወር ትኬቱን መዘዘ። ዶይችላንድ ቲኬት የሚሉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ ከጥር 2026 ወዲህ 63 ዩሮ ገብቷል። የአገሪቱን ተራ ባቡር ሁሉ ያሳፍራል፣ ፈጣኖቹን ግን አያስረግጥም። በተራ ባቡር ከሆነ ካስል፣ ጎቲንገን፣ ኡልሰን እያሉ ባቡር እየቀየሩ መንገዱ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። (በነገራችን ላይ የኡልሰን ጣቢያ ሁንደርትቫሰር የተባለው የኦስትሪያ ሠዓሊ በነደፈው መሠረት ያሸበረቀ ነው፤ ዓምዶቹን ለማየት ብቻ ሰው ይወርድበታል። ለቅሶ ደራሽ ግን ዓምድ አያይም።) ሌሊት ደግሞ የተራ ባቡሩ ሰንሰለት ይበጠሳል።

«ኧረ ቶሎ በሉ፣ አንዱ ፌስቡክ ላይ ሻማ ሳይለጥፍ!» አለ ሦስተኛው።

የሁላችንም ፍርሃት ይኸው ነበር። ድሮ መርዶ ነጋሪ የሚሽቀዳደመው ከጎረቤት አፍ ጋር ነበር። አሁን «ነፍስ ይማር» የሚል አንድ ጽሑፍ አልጋው ላይ እንዳለ ከስልኩ ውስጥ ይወጣበታል።

በመጨረሻ ተከፋፈልን። ሁለቱ የሌሊት አውቶቡስ ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የረጅም ርቀት አውቶቡስ ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ድንገት መንገድ ለሚነሣበት ሰው አውቶቡስ ባለውለታ ነው። እኔና አንዱ በፈጣኑ ባቡር ሄድን፤ እሱ ሙሉ ዋጋ ከፈለ፣ እኔ ግማሹን። ሐምቡርግ ጣቢያ ቡና እየጠጣን አውቶቡሱን ጠበቅን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን። አራታችንን በአንድ ላይ ቆመን ሲያየን ማንም ቃል መናገር አላስፈለገውም።

እኔ ግማሽ የከፈልኩት ባንካርድ 50 የሚባል ካርድ ስላለኝ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ከባንክ ጋር እንዳታዛምዱት፤ ባን ማለት ባቡር ነው። በዓመት ከ200 ዩሮ በላይ ይከፈልበታል። በመደበኛው ዋጋ ላይ ግማሹን፣ በቅናሽ ትኬቶች ላይ ደግሞ ሩቡን ይቀንሳል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ መደበኛውን ዋጋ የሚከፍል ማነው? ድንገት የሚነሣ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ካርድ የድንገተኞች ካርድ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2002 መጨረሻ የጀርመን ባቡር ዋጋ በመሠረቱ በኪሎ ሜትር ይሰላ ነበር፤ ዛሬም ቁረጠው ከወር በፊት፣ መንገዱ መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ እንደ አየር መንገድ ቀድሞ ለያዘ የሚያደላ ታሪፍ አመጡና የግማሽ ዋጋውን ካርድ አስቀሩት። ተሳፋሪው ግን ዝም አላለም፤ ጩኸቱ በርትቶ በነሐሴ 2003 ካርዱ ተመለሰ። ቀድሞ ለያዘ የሚያደላው ዋጋ ግን እንደ ሥርዓት ቀረ።

የድሮው የቅዳሜና እሑድ ትኬት ደግሞ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር ለአምስት ሰው 15 ማርክ ነበር፤ በ2019 ቀረ። ሠርግም ልቅሶም በእሱ ነው የተደረሰው። አራት ከሆንን አምስተኛ ፍለጋ መድረኩ ላይ እንዞር ነበር፤ አንድ ጊዜ ያገኘነው ጀርመናዊ ተማሪ ድፎ ዳቧችንን እየገመጠ ካስል ድረስ አብሮን ሄዷል።

ለፍትሕ ያህል፣ የዛሬው አሠራር ለክፋት የተፈጠረ አይደለም። ባዶ ወንበር ኪሳራ ነው፤ ቀድሞ ለሚያቅድ ድሃ ተማሪም በ20 ዩሮ አገር ማቋረጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ ድንገተኛም ቢሆን በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋበትም። የቅናሽ ትኬት ኮታው እስካላለቀ ድረስ እስከ መነሻው ሰዓት አካባቢ ይሸጣል። የዓርብ ከሰዓትና የእሑድ ማታን ሽተው። አንድን ሰዓት ብቻ አትፈልግ፤ የቀኑን ርካሽ ዋጋ በሙሉ አስደርድረህ እይ፤ እኩለ ቀን ወይም ሌሊት ላይ፣ ወይም ትንሽ በሚያዘግመው ባቡር ላይ ርካሽ ወንበር ተርፎ ሊሆን ይችላል። የወር ትኬት ያለው ሰው ደግሞ መንገዱን ቆርሶ ከፊሉን በተራ ባቡር ይሄድና የፈጣኑን ባቡር ትኬት ለመሐሉ ብቻ ይገዛል። ያኔ ታዲያ መለዋወጫ ሰዓቱን ሰፋ አድርጎ መተው ነው፤ ተራው ባቡር ቢዘገይና ፈጣኑ ቢያመልጥ፣ ትኬቶቹ ለየብቻ የተገዙ ስለሆኑ ጣጣው የራሱ ነው። ቅናሽ ትኬት ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው፤ መድረሻው ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ግን እስሩ ይፈታል፣ በሌላ ባቡር መሄድ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ስንት ወገን መድረኩ ላይ ቆሞ አዲስ ትኬት ሲገዛ አይቻለሁ።

ነገሩን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አነሣሁት። እድራችን ለሐዘንተኛ ይሰጣል፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክም ያዋጣል። መርዶ ይዞ ለሚሄደው ሰው ግን ቤሳቢስቲን የለውም፤ አቅም ያለው ይሄዳል፣ የሌለው በስልክ ያለቅሳል። ስለዚህ ከማኅበሩ ካዝና ለሁለት ሰዎች የግማሽ ዋጋ ካርድ ይገዛ፣ ተቀማጭም ትንሽ ገንዘብ ይኑር አልኩ። አንድ አባት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣

«እንዴ! መርዶ ነጋሪ በደመወዝ ልትቀጥሩ ነው?» አሉና ቤቱን አሳቁት።

ቢሆንም እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች ተመረጡ። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ስልኳ አይጠፋም።