በሜልበርን ክረምት የሚገባው በሰኔ ነው



ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይልክ በቤቱ የሚያስተምር ቤተሰብ በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። በአውስትራሊያ ግን ይህ በሕግ የተፈቀደ መንገድ ነው፤ ከኢትዮጵያ ከሄድነው ሙስሊም ቤተሰቦችም ይህን መንገድ የያዝን አለን። እኛ የምንኖረው በሜልበርን ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን ነን፤ በልጅነታችን ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ነው ያደግነው። ሦስት ልጆቻችንን በቤት ማስተማር ከጀመርን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚነሡት ጉዳዮች ሁሉ ዛሬ አንዱን ብቻ፣ የተፈጥሮ ጥናትን፣ ልናወጋችሁ ወደድን። ከምናስተምራቸው ትምህርቶች መካከል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውና የትም አገር ያለ ወላጅ ነገ ሊጀምረው የሚችለው እርሱ ነውና።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። ደንቡ ከክልል ክልል ይለያያል። እኛ ባለንበት በቪክቶሪያ ክልል ዕድሜው ከ6 እስከ 17 ዓመት የሆነ ልጅ ወይ ትምህርት ቤት መግባት፣ ወይ ደግሞ በቤት የሚማር ተብሎ በመንግሥት መዝገብ መስፈር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ወላጅ ከማመልከቻው ጋር የትምህርት ዕቅድ አብሮ ያቀርባል። ዕቅዱም፣ በልዩ ምክንያት ካልተፈቀደ በቀር፣ ስምንት መስኮችን መሸፈን ይኖርበታል፤ እነርሱም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ቋንቋዎች፣ ጤናና ስፖርት፣ እንዲሁም ቴክኖሎጂ ናቸው። ባለሥልጣኑ ከተመዘገቡት ቤተሰቦች መካከል የተወሰኑትን እየመረጠ ይመረምራል። ስለዚህ ልጅን ቤት አስቀምጦ «አስተምረዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። መርማሪው ሲጠይቅ የሚታይ ሥራ ያስፈልጋል። የተፈጥሮ ጥናት ደብተር ቀንና ሥዕል ያለበት፣ የልጁ የእጅ ጽሑፍ የሚታይበት ማስረጃ ነው።

የተፈጥሮ ጥናት የሚባለው ሥርዓተ ትምህርት ሥሩ ሩቅ ነው። ብሪታኒያዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ልጆች በየሳምንቱ ከቤት ወጥተው ያዩትን በደብተራቸው እንዲሥሉና እንዲጽፉ ታስተምር ነበር። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበረችው አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክም በ1911 ለአስተማሪዎች የሚሆን ትልቅ የተፈጥሮ ጥናት መመሪያ አሳትማለች። ዛሬ በቤት የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች የሚጠቀሙባቸው መጻሕፍት ከእነዚህ ከሁለቱ ይቀዳሉ። ዘዴው ቀላል ነው። አስተማሪው አይናገርም፤ ይጠይቃል። ልጁ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ያያል፤ ይሥላል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ያንኑ ነገር ያያል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። በመድረሳ ትንሹም ትልቁም ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ለውሕ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ በኡስታዙ ፊት ይቀራ ነበር። ያልጸናውን ሳያጸና ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡብን ትዝ ያለን ያ ሥርዓት ነው።

ችግሩ የመጣው ከመጽሐፉ ነው። እነዚህ መመሪያዎች የተጻፉት ለሰሜኑ የዓለም ክፍል ነው። በጃንዋሪ በረዶ፣ በኤፕሪል የሚፈካ እምቡጥ፣ በኦክቶበር የሚረግፍ ቅጠል ይላሉ። ሜልበርን ላይ ጃንዋሪ ሐሩር ነው፤ ብርዱና ዝናቡ የሚመጣው በጁን ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች መጽሐፉን በስድስት ወር ገልብጠው ይጠቀማሉ። እርሱም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ምክንያቱም የአገሩ ባሕር ዛፍ በልግ መጣ ብሎ ቅጠሉን አራግፎ አይቆምም። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓመቱ ሞቃት ወራት የሚጥሉት ልጣቸውን ነው። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ዛፉን ትቶ መጽሐፉን ያምናል፤ ይህ ደግሞ የትምህርቱን ዓላማ ያፈርሰዋል።

መፍትሔው ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። የሜልበርን አካባቢ ነባር ባለቤቶች የሆኑት የኩሊን ሕዝቦች ዓመቱን የሚከፍሉት በአራት አይደለም፤ በሰባት ወቅቶች ነው። ማርች ኢል የተባለው እባብ መሳይ ዓሣ በወንዞች ቁልቁል ወደ ባሕር የሚወርድበት ወቅት ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ያለው ረጅሙ ቀዝቃዛ ጊዜ በዎምባት ስም ይጠራል። ኦገስት የኦርኪድ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ገና ጅራታቸውን ያልጣሉ የእንቁራሪት ልጆች ኩሬውን የሚሞሉበት ነው። ኖቬምበር ሣር ያብባል፤ በዲሴምበር ካንጋሩ አፕል የሚሉት ቁጥቋጦ ያፈራል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቁ ወቅት ነው። የዓመቱን ዕቅዳችንን በእነዚህ ሰባት ከፈልነው፤ በየሳምንቱም ረቡዕ ጠዋት ወደ ማሪቢርኖንግ ወንዝ እንወርዳለን።

ከዚያ በኋላ ያስተዋልነው ነገር አስገረመን። የአገራችን የወቅት ስሞች ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይልቅ ለሜልበርን ይቀርባሉ። ክረምት ስንል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እዚህም ጠፈሩ የሚከብደው ያኔ ነው። በጋ ስንል ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እዚህም ሣሩ የሚደርቀው ያኔ ነው። አገራችን በመስከረም በአደይ አበባ ቢጫ እንደምትለብስ ሁሉ፣ እዚህም ክረምቱ ሲገባደድ ዋትል የሚባለው ዛፍ ቢጫ ያብባል። ወርቃማው ዋትል ከ1988 ጀምሮ በአዋጅ የአውስትራሊያ ብሔራዊ አበባ ነው፤ በየዓመቱም ሴፕቴምበር 1 የዋትል ቀን ተብሎ ይከበራል። ዛፉ ከግራራችን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ የግራር ቅጠል ደቃቅና ላባ መሳይ ሲሆን፣ ወርቃማው ዋትል ካደገ በኋላ ቅጠል የሚመስለው ነገር የሰፋ የቅጠል እንጨት ነው፤ እሾህም የለውም። ልጆቻችን ይህን ልዩነት በሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠውታል።

ስለ ባሕር ዛፍም ዝም ብለን አናልፍም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ አዲስ አበባ የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ትውልድ አገሩ ታስማኒያና ደቡባዊ ቪክቶሪያ ነው። ወሎ ያሉት የልጆቹ አያት በስልክ «ባሕር ዛፍ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ብለው ሳቁ። ለእርሳቸው ባሕር ዛፍ ማገዶና የቤት ማገር ነው። ልጆቹ ግን የሚነግሯቸው አላጡም። ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ክብ ቢጤና ሰማያዊ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። ሲያድግ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ይረዝማል፤ ቁልቁል ስለሚንጠለጠልም ጥላው ስስ ይሆናል። እምቡጡ ክዳን አለው፤ አበባው ሲፈካ ክዳኑ ይወድቃል። በ1788 ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ ዩካሊፕተስ ብሎ ሲሰይመው «በሚገባ የተከደነ» ለማለት ነው። አያትየው ይህን ሰምተው፣ «እዚያስ ምንጭ አያደርቅም ወይ፣ የኔ ልጅ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የአንድ ወር ትምህርት ሆነልን። ዛፉ ውኃ መጠጣቱን በአገሩም አልተወም፤ ነገር ግን በዚያ ከልዩ ልዩ ዛፍና ቁጥቋጦ ጋር ተደባልቆ ይኖራል። እኛ አገር ግን ብቻውን በረድፍ ተተክሎ እርሻውንና ምንጩን ተጠግቶ ቆሟል።

ሰማዩም የጥናቱ ክፍል ነው። ግቢያችን ውስጥ 1 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ተክለን ጥላውን በቀትር እንለካለን። ሜልበርን ላይ በቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በስተሰሜን ናት። የእንጨቱ ጥላ በጁን መጨረሻ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዲሴምበር መጨረሻ ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ በትክክል አናት ላይ ትመጣለችና ጥላ የሚጠፋበት ቀትር አለ። የዐስር ወቅት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ ሌላ የራሱን ቁመት ሲያክል መሆኑን በመድረሳ ተምረናል፤ ልጆቻችን ያንን በሜትር ለክተው አገኙት። የወሩን መጀመሪያ ጨረቃ ስንጠብቅም እንደዚሁ ነው። በአገራችን አዲስ ጨረቃ እንደ ታንኳ ተንጋላ ትታያለች፤ በሜልበርን ግን ብርሃኗ ወደ ግራ ጎኗ ያዘነብላል። ትንሹ ልጃችን «ጨረቃዋ ሌላ ናት ወይ?» ሲል ሉሉን አውርደን በመብራት አሳየነው።

ከአደጋም መጠንቀቅ አለ። በከተማችን ምዕራብ በሣሩና በወንዙ ዳር ቡናማው እባብና ነብር እባብ የሚሏቸው ብርቱ መርዘኞች በሞቃት ወራት ይወጣሉ። ደንባችን አጭር ነው፦ የተሸፈነ ጫማ፣ እጅን ከጉድጓድና ከግንድ ሥር አለመስደድ፣ እባብ ከታየ ቆሞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሸሽ። የተነደፈ ሰው መራመድ የለበትም፤ ቁስሉ አይታጠብም፣ አይበጣም፣ አይመጠጥም። የተነደፈው እግር ወይም እጅ በሰፊ ፋሻ ከዳር እስከ ዳር ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ፣ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ተደግፎ፣ ወደ 000 ይደወላል። ፋሻው ከቦርሳችን አይለይም። በመስከረም ገደማ ደግሞ ማግፓይ የተባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ጫጩቶቹን ለመጠበቅ አንዳንዱ በሰው ራስ ላይ ይወርዳል፤ ያኔ መንገድ እንቀይራለን። እንስሳ ይዘን አንመጣም፤ የአገሩ የዱር እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው። የምናመጣው ሥዕልና ድምፅ ነው። በ2017 የአውስትራሊያ ሙዚየም የጀመረው ፍሮግ አይዲ የተባለ የስልክ ፕሮግራም የእንቁራሪቶችን ድምፅ ከሕዝብ ይሰበስባል፤ ከ2014 ጀምሮ በየኦክቶበሩ በሚደረገው የወፍ ቆጠራም ማንኛውም ቤተሰብ 20 ደቂቃ ቆጥሮ ውጤቱን ይልካል። ልጅ ያየው ነገር ለሳይንስ እንደሚጠቅም ሲያውቅ አጣርቶ ያያል።

ወገኖቻችን፣ እስካሁን ያወራነው ደስ የሚለውን ነው። ዋጋውንም መንገር ይገባናል። ከሁለታችን አንዳችን ሥራ ስለተውን ቤታችን በአንድ ደመወዝ ይተዳደራል። ሒሳብና እንግሊዝኛ በወንዝ ዳር ሽርሽር አይማሩም፤ በየማለዳው ጠረጴዛ ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓደኛ አለ። ታላቋ ልጃችን 12 ዓመት ሊሞላት ነው፤ ባለፈው ክረምት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባት እንደምትፈልግ በግልጽ ነገረችን። ከአንድ ወር በላይ መከርንበት። በቤት ማስተማር የጀመርነው ልጆቻችን ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን ሳይጥሉ እንዲያድጉ ነበርና ነገሩ ከበደን።

ደብተሮቿን አውጥተን አየን። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ውስጥ በየሥዕሉ ሥር አንድ ሁለት የአማርኛ ቃል አለ፤ አያቷ ሁልጊዜ «ዛሬ ምን አያችሁ?» ስለሚሉ ለእርሳቸው የምትነግረውን መያዝ ነበረባት። በሦስተኛው ገጽ ሙሉ አማርኛ ይገኛል፤ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ነገሩ ግን ይገባል። ቋንቋ ከስምንቱ መስኮች አንዱ ስለሆነ መርማሪም ቢመጣ የምናሳየው ይህንኑ ነበር። ያን ዕለት ግን ደብተሩ የነገረን ነገር ለእኛ ነበር፤ ልጅቱ አይታ የመጠየቅንና የራሷን ቃል የመፈለግን ልማድ ይዛለች። ትምህርት ቤት ስትገባ ይህ አብሯት ይገባል። ኢንሻአላህ በመጪው ፌብሩዋሪ ክፍል ትጀምራለች። ሁለቱ ታናናሾቿ ለጊዜው ከእኛ ጋር ይቆያሉ። የወንዙን ጉዞ ለእርሷ ስንል ከረቡዕ ወደ ቅዳሜ አዛውረነዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚውሉ ቢሆኑም ይህ ትምህርት ከእናንተ አይርቅም። ደሴም ሆነ አዲስ አበባ፣ ጂዳም ሆነ ዋሽንግተን፣ በቤታችሁ አጠገብ አንድ ዛፍ ምረጡ። ለልጁ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ስጡት። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ አብራችሁ እዩት። ስሙን ለመንገር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምን እንዳየ ጠይቁት። መልሱን በየትኛውም ቋንቋ ቢነግራችሁ ተቀበሉት፤ የአማርኛውን ቃል ከዚያ በኋላ አብራችሁ ፈልጉት። ቃሉ ካልተገኘ ለአያት ደውሉ።