ፋይሉ አያረጅም፤ ቤተሰቡ ግን ይለወጣል

ቤታችሁ ውስጥ አስፈላጊ ሰነዶች የሚቀመጡበት ፌስታል ካለ እስቲ አውጥታችሁ እዩት። ከልደት ሰርተፊኬቱና ከቤት ካርታው መሀል ከአሜሪካ የመጣ፣ መታጠፊያው የሳሳ ደብዳቤ የሚገኝባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። «አጎታችሁ ፕሮሰስ ጀምሮልናል» ተብሎ የተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያላነበበው ደብዳቤ።

የእኛ ቤት ደብዳቤ 17 ዓመት ሆኖታል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነው አጎቴ ለእህቱ፣ ማለትም ለእናቴ፣ «አይ-130» የተባለውን ማመልከቻ ሲያስገባ እኔ የ15 ዓመት ተማሪ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የ4 ዓመት ሕፃን ነበርን። ዘንድሮ «ተራችሁ ደርሷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሁላችንም የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ይሠራል እንዴ? እናንተም ይህንኑ ትጠይቁ ይሆናልና ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

አጭሩ መልስ፣ አዎ ይሠራል። የጸደቀ የቤተሰብ ማመልከቻ እንደ ፓስፖርት የሚያበቃበት ቀን የለውም። ማመልከቻው የገባበት ቀን «ፕራዮሪቲ ዴት» ይባላል፤ የወረፋ ቁጥራችሁ ነው በሉት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣው ቪዛ ቡሌቲን ወረፋው የት እንደደረሰ ያሳያል። ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሚመደበው 65,000 ያህል ቪዛ ነው፤ ያውም ባል፣ ሚስትና ልጆች አብረው ተቆጥረው። ጥበቃው ይህን ያህል የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ፋይሉ ባያረጅም ሊቋረጥ ግን ይችላል። አመልካቹ ዘመድ ከሞተ ማመልከቻው በመርህ ደረጃ ይሻራል፤ በሰብአዊነት ምክንያት እንዲቀጥል መጠየቅ ግን ይቻላል። ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላላገባ ልጁ ያስገባው ማመልከቻ ልጁ ባገባ ቀን ያበቃል። ወላጁ ዜጋ ከሆነ ግን ልጁ ቢያገባም ወደ ሌላ ወረፋ ይዛወራል እንጂ አይሰረዝም። ተራው መድረሱ ከተነገረ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ቤተሰብም ፋይሉን ሊያጣ ይችላል። እኔ ማርኬቲንግ ነው የምሠራው፤ እኛ ዘንድ አድራሻው የተቀየረ ደንበኛ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ የድሮው ፖስታ ሣጥን ቁጥር ወይም የተረሳ ኢሜይል እዚያ ተመዝግቦ ከሆነ ለናሽናል ቪዛ ሴንተር አዲሱን አሳውቁ።

ትልቁ ጉዳይ የልጆች ዕድሜ ነው። ከወላጅ ጋር አብሮ የሚሄደው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ማመልከቻው እስኪጸድቅ የፈጀውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀንስለታል። የእኛ እስኪጸድቅ 4 ዓመት ፈጅቷል። ወንድሜ ተራው ሲደርስ 21 ስለሆነው በሕጉ 17 ተብሎ ይቆጠራል፤ ይሄዳል። እኔ 32 ነኝ፤ 4 ሲቀነስ 28። እቀራለሁ።

እማዬ ሒሳቡን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «አንዱን ይዤ አንዷን ትቼ?» አለች። ደረሰ ብለን የተደሰትንበት ወረቀት ቤታችንን ለሁለት ሊከፍለው ነው። ዘመድ ሁሉ መፍትሔ አለው፦ እናትሽ ግሪን ካርድ ስታገኝ ላላገባች ልጇ ታመልክትልሽ። እውነት ነው፣ ይቻላል። ግን ያ አዲስ ወረፋ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስም አለማግባት አለብኝ። እኔ ደግሞ ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል።

አላራዝመውም። እናቴ ከዓመታት በኋላ ዜግነት ብታገኝ ላገባች ልጇም ማመልከት ትችላለች፤ ያ ቀን ከመጣ ባለቤቴም ልጆቼም አብረው ይቆጠራሉ። ባይመጣም ቤቴ እዚህ ነው። እማዬና አባዬ ከወንድሜ ጋር ለኢንተርቪው እየተዘጋጁ ነው፤ ፎርሙን የምሞላላቸውም እኔው ነኝ።

እናንተም ደብዳቤውን አውጡና ቀኑን አንብቡ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ አስሉ፤ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ቤት መግዛቱን፣ ትምህርቱን፣ ሠርጉን ግን «አሜሪካ እስኪሳካ» ብላችሁ አታቆዩት። ወረፋው እናንተ ሥራችሁን እየሠራችሁም ይንቀሳቀሳል።