ቪዛ ወደማይጠየቅበት ጎረቤት አገር ለሚጓዙ እናቶች

ወደ ውጭ አገር መጓዝ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የኤምባሲ ደጃፍ ነው። ወረፋው፣ የባንክ ማስረጃው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው፣ ከዚያም በኋላ የሳምንታት ጥበቃው ገና ሳይነሱ ያደክማል። ይህን ሁሉ የሚያስቀር ጉዞ ግን ከጎናችን አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ወደ ኬንያ ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም፤ ኬንያዊውም ወደ እኛ ሲመጣ እንደዚሁ ነው። ጎብኚው እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊቆይ ይችላል። የዓመት ዕረፍቷን ለልጆቿ ደስታ ለማዋል ለምታስብ ሠራተኛ እናት ናይሮቢ ሩቅ አይደለችም።

ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ ቪዛ አይጠየቅም ማለት ምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ቪዛ በሚሰጥበት ጊዜ ኤምባሲው የት እንደሚያርፉ፣ በምን ገንዘብ እንደሚኖሩና መቼ እንደሚመለሱ አስቀድሞ ይጠይቅዎታል። ቪዛ በሌለበት ጉዞ ግን ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይህን የሚጠይቅዎ የለም። ስለዚህ ጠያቂዋም መላሿም እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለዚሁ እንዲረዳዎ የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ የፓስፖርትዎን የማብቂያ ቀን ይመልከቱ። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛው ጋር እንዳይምታታብዎ ይጠንቀቁ፤ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ልጅ በእናቱ ፓስፖርት አይጓዝም፤ የጡት ልጅም ቢሆን የራሱ ሊኖረው ይገባል። አባት አብሮ የማይሄድ ከሆነ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የአባትየው የፈቃድ ደብዳቤ አብሮ ቢያዝ በኬላ ላይ ከሚያጋጥም ምልልስ ያድናል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም መዘንጋት የለበትም። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንድ ጊዜ የተወሰደም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትና ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ግን አስቀድመው ሐኪም ማማከር ያስፈልጋቸዋል። የመግቢያ ደንብ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል ትኬት ከመግዛትዎ በፊት አዲስ አበባ የሚገኘውን የኬንያ ኤምባሲ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በየብስ የሚሄድ ሰው ደግሞ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ ይደርሳል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድነት የሚሠሩበት የጋራ ኬላ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት በየብስ ለመሄድ ከወሰነች መንገዱን በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ባትሞክር፣ በቀን ብቻ ብትጓዝና ስለ መንገዱ ሰላም አስቀድማ ብትጠይቅ ይመረጣል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። በእኛ ቤት ልማድ በርበሬው በፌስታል፣ የልጆቹ ጫማ በፌስታል፣ እርጥብ ልብስም በፌስታል ይጠቀለላል። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታልን በሕግ ከልክላለች። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ እስከ አራት ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እሥራት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ ከረጢት ያሰናዱ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ማስገባት ስለተከለከለ ለልጆቹ በየስማቸው የውሃ ኮዳ ይያዙላቸው። የኬንያ የኤሌክትሪክ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን መሰኪያ የሚቀበል ነው፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ አይገባበትም። ማስማሚያውን ከዚህ ገዝቶ መሄድ ከመቸገር ያድናል። በሐምሌና በነሐሴ እኛ ዘንድ ዝናብ ሲሆን ናይሮቢ ዝናቡ ያነሰ ቢሆንም ብርዱ አይናቅም፤ ሹራብ ያስፈልጋል።

ከተማው ከገቡ በኋላ ለእናት ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ መንገድ መሻገር ነው። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት የለመደ ልጅ ናይሮቢ ላይ መኪናው ያላሰበው አቅጣጫ ይመጣበታል። ገና ከቤት ሳትወጡ «መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ» እያላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ትንንሾቹን እጃቸውን ሳይይዙ አያሻግሯቸው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ደስ ያሰኛል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ፀሐይ ከወጣችበት ጀምሮ ነው። «ሳ ታቱ» ቢልዎ በእኛም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን ያንኑ ሰዓት ዘጠኝ ይለዋል፤ በትኬት ላይ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ ያስታውሱ። ደቂቃን «ዳኪካ»፣ ሰባትን «ሳባ» የሚል ቋንቋ ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይለምዱታል። «ጃምቦ» ብሎ ሰላምታ፣ «አሳንቴ» ብሎ ምስጋና፣ «ቤይ ጋኒ» ብሎ ዋጋ መጠየቅ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ሴትን ወይዘሮ «ማማ» ብሎ መጥራት አክብሮት ነው።

ምግባቸው ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ኡጋሊ የሚሉት ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋ ጠንከር ያለ ገንፎ ነው። አብሮት የሚቀርበው ጎመን «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሳምንቱን ግፋ» እንደማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ቤቷን በጎመን ያቆየች እናት ይህን ስም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ጾመኛ ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ ሻይ ሲያዙ አብዛኛውን ጊዜ ከወተት ጋር ተፈልቶ ይመጣል። ወተት የሌለበትን ሲፈልጉ «ቻይ ያ ራንጊ» ይበሉ። ያለ ሥጋ ለማለት «ቢላ ኛማ»፣ ያለ ወተት ለማለት «ቢላ ማዚዋ» ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ናይሮቢ ከታክሲው እስከ ጉልቱ በስልክ መክፈል የተለመደባት ከተማ ናት። ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያው አገር ነው። በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጥቶ መመዝገብ ይቻላል። ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ቦርሳ አለመያዝ፣ በሰው መሀልም አውጥቶ አለመቁጠር እንደ ማንኛውም ትልቅ ከተማ የሚመከር ነው።

ምን እንይ የሚሉ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። አንበሳና ቀጭኔ ከበስተጀርባቸው ፎቅ እየታየ ሲሄዱ ማየት ልጆችን ያስደንቃል። ዝሆን በፓርኩ ውስጥ ባይኖርም በዳርቻው እናታቸው የሞተችባቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ሥፍራ አለ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በጡጦ ሲጠቡ ይታያሉ፤ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግን ግዴታ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለአገሬውና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ ስላለው፣ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ስለማይፈጸም አስቀድመው ይጠይቁ። ሉሲን ያዩ ልጆች ደግሞ በብሔራዊ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1984 የተገኘውን «የቱርካና ልጅ» የተባለውን ቅሪተ አካል ቢያዩ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ሴት ልጅ ያለችዎ እናት ከሆኑ የካሩራን ጫካ ሳያሳይዋት አይመለሱ። ይህ ጫካ ለቤት መሥሪያ ሊቸበቸብ ሲል እ.ኤ.አ. በ1999 ችግኝ ይዘው በመግባት የተከላከሉለት፣ በዚያም የተደበደቡት ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ነበሩ። እኒህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ሴቶችን አስተባብረው ዛፍ መትከል ጀመሩ፤ በ1989 ደግሞ በኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊሠራ የታሰበውን 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃውመው አስቀሩ። በ2004 ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሰላም ኖቤል ተሸላሚ ሆኑ። ዛሬ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት የካሩራ ጥላ በአንዲት ሴት ጽናት የቆየ መሆኑን ለልጅዎ በቦታው ቆመው ይንገሯት።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ እናንሣ። «ኬንያ ቪዛ የለውም» የሚለውን እውነት ለክፉ ሥራ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ደላላው ለአንዲት ወጣት «ናይሮቢ ሥራ አለ፤ ከዚያም ወደ ሌላ አገር አሻግርሻለሁ» ይላታል፤ ድንበር ካለፉ በኋላ ፓስፖርቷን ይቀበላታል። እዚህ ላይ ሕጉን በግልጽ ማወቅ ይገባል። ያለ ቪዛ የሚገባው ጎብኚ ነው እንጂ ሠራተኛ አይደለም። ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መገኘት፣ የተፈቀደውን ጊዜ ማሳለፍ፣ ኬላውን ትቶ በጫካ መንገድ መግባት ያስቀጣል፤ ያሳስራልም። ልጅዎ፣ እኅትዎ ወይም የጎረቤት ልጅ በዚህ መንገድ ልትሄድ ስትነሳ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ የመመለሻ ትኬቷ የታለ? የምታርፍበት ቤት አድራሻ ምንድን ነው? ፓስፖርቷን የሚይዘው ማን ነው? ሦስቱን መመለስ ካልቻለች ጉዞው ጉብኝት አይደለምና ያስቁሙ።

እርስዎም ሲሄዱ ፓስፖርትዎን ከእጅዎ አያውጡ፤ ቅጂውን ለቤተሰብ ትተው ይሂዱ። ናይሮቢ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት ግን አያልቅበትም። ለአስቸኳይ ችግር የኬንያ ፖሊስ ቁጥር 999 ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ቪዛ ባለመጠየቁ ከተረፈዎት ጊዜ ላይ አንዱን ሳምንት ለዚህ ዝግጅት ያውሉት። መልካም ጉዞ።