በባሌ ተራራ የነበረው በረዶ

ተማሪዎች ሆይ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ውኃ መፈለግ ነዋ!» የሚላችሁ አታጡም። መልሱ ትክክል ነው። ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው ውኃ ለአዲስ አበባ ይታደላል፤ ውኃው የት እንደ ተጠራቀመ የሚያመለክቱትም የድንጋዩን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከዚህ ሙያ አብልጬ የምወደው፣ ጥቅሙ እንዲህ ቶሎ የማይታየውን ክፍል ነው።

በአቃቂ አልፎ በአዳማና በአሰላ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መንገድ ባሌ ያደርሳል። እዚያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሳነቴ አምባ፣ ዛሬ ጅብራ ተራርቆ በቆመበት ምድር፣ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ተጋድሞ ነበር። ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል ሲንሸራተት ሸለቆውን ፋቀው፤ ዓለቱን እየገፋ አወረደው፤ በቀለጠም ጊዜ ሸክሙን እዚያው ጥሎት ቀረ። ስለዚህ ለመንገደኛ ተራ የድንጋይ ክምር የሚመስለው ነገር ለሥነ ምድር ሊቅ የበረዶው ወሰን ምልክት ነው።

በረዶው ቦርቡሮ ከተዋቸው ጎድጓዳ ቦታዎች በአንዱ ጋርባ ጉራቻ የተባለው ሐይቅ ይገኛል፤ ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር መሐመድ ዑመር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሐይቁ ወለል የወጣ 16 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የደለል ዓምድ አጥንተው ውጤቱን በ2007 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በደለሉ ውስጥ ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝ ነበረ፤ አሮጌው ከታች፣ አዲሱ ከላይ ተነባብሮ። ከዚያም ወደ 17 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ተነበበ፤ መጀመሪያ ሣሩ የሳሳ ደረቅ ምድር፣ ኋላም ከ11 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ አስታ ሽቅብ የተስፋፋበት እርጥብ ተራራ። አስቡት፣ ይህን ሁሉ የተናገረው በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው!

«ይህስ ምን ያበላል?» የሚለኝ ተማሪ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ አልጠፋም። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ውኃቸውን ከባሌ ተራሮች ያገኛሉ፤ ተራራው በድርቅም በዝናብም ዘመን እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ በቆላ ለሚኖረው ገበሬና አርብቶ አደር ትርፍ ነገር አይደለም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የባሌ ዋሻ ከ47 እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበር አስረዳ። ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያቸው የሚሆነውንም ባልጩት ለማምጣት ከዋሻው ወደ ላይ፣ በረዶው ወዳለበት ከፍታ ይወጡ ነበር።