ጓሳ፣ ሳይደርቅ የቆየው ረግረግ

ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ መኪናችን ወደ ግራ፣ ወደ መሐል ሜዳ ታጠፈች። የመንዝ ብርድ ከተሜን አያከብርም፤ የደራረብኩት ሹራብ ነፋሱን አልመለሰልኝም። ይህ ሁሉ ነፋስ እያለ የመንዝ እናት ገብሷን በክንዷ ስትፈጭ መኖሯ አሳሰበኝ።

ሆላንዶች ነፋሳቸውን ረግረግ አድርቀውበታል። ቤምስተር የተባለውን ሐይቅ በ1612 (እ.ኤ.አ.) በነፋስ ወፍጮዎች አጠንፍፈው እርሻ አደረጉት። በኪንደርዳይክ፣ አብዛኞቹ በ1738 እና በ1740 የተሠሩ 19 ወፍጮዎች ዛሬም ቆመዋል። ክንፉ ሲዞር ከሥር ያለው መንኮራኩር ውሃውን ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው ያወጣል። ዳሩ ግን ረግረግ አፈር ውሃው ሲወጣለት ይኮማተራል፣ መሬቱም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ውሃ ማውጣቱ እንደኛ የቤት ሥራ ማለቂያ የለውም።

መንዞች ረግረጋቸውን አላደረቁም። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣርና የረግረግ አገር ነው። ከምዕራብ በኩል ውሃው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በተባለው ሥርዓት አለቃ መርጠው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በአንድነት ያጭዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቀሮም አብሮ ፈረሰ። እርግጥ ነው፣ ቀሮ የተወላጁ እንጂ የሁሉ ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ጠባቂ የሌለው ሣር ለሁሉም አይበቃም። ኋላ ነዋሪው ራሱ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው፤ ክልሉም በ2012 (እ.ኤ.አ.) የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አወቀ።

ከአንዲት እናት ደጃፍ ተቀመጥኩ። ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። የጎጆው ክዳን ጓሳ፣ የጥጃው ገመድ ጓሳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጌሣ ጓሳ ነው። ቆርቆሮ አይሻልም ወይ እማማ ብላቸው፣ በረዶ ሲመታው ሕፃን እንደማያስተኛ፣ ሌሊትም እንደሚበርድ ነገሩኝና የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። ምንጩ ከቤታቸው እልፍ ብሎ ነው። እስከዚያ ሸኙኝ፤ ሣሩ ደረቅ መስሎኝ ብረግጠው ጫማዬ ውሃ ሞላ፣ እሳቸውም ሳቁብኝ።