ቁመትና አፈሙዝ

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ጠብ ተነሣ። የጠቡ መነሻ ገንዘብ አልነበረም፣ ምግብም አልነበረም፤ የአንድ ድንክ ሰይፍ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ አለ። እኛ አገር አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ መምታትና መሳት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ታዲያ አንዱ ጓደኛችን «ሃፍሊንግ» ሆነ። ሃፍሊንግ ማለት ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ በዕድሜው ግን ሙሉ ሰው ነው። ጓደኛችን ለዚህ ሰው በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ አስታጠቀው። መሪው «አይሆንም!» አለ። ጠቡ ተጀመረ።

ደንቡም ቢሆን አንድ ቃል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው መሣሪያ ሁሉ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፣ ልኩ ያልሆነውን የያዘ ከውጤቱ ሁለት ይቀነስበታል ይላል። የ2014ቱ አጭር ሰው ከባድ መሣሪያ ሲይዝ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ያነሰውን ይውሰድ ይላል። የ2024ቱ ደግሞ ቁመቱን ትቶ ጉልበቱን ይጠይቃል። «ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር የሚስማማው የቱ ነው?» ተባለ።

እኛ ሁለቱ የአጎት ልጆች የጋይንት ልጆች ነን፤ በግ ስንጠብቅ ነው ያደግን። ስለዚህ ጉዳይ ማንም ሊያስተምረን አይችልም ብለን ተነሣን። ለቡሄ የትልልቆቹን ጅራፍ ሰርቀን ያጮህን ለታ የሆነውን ጆሯችን ያውቀዋል። ጉልበት አላነሰንም፤ ጅራፉ ረዘመና ዞሮ እኛኑ ገረፈን። ዱላም እንደዚሁ ነው። ያባትን የወይራ ዱላ ይዞ የሚሮጥ እረኛ ጫፉ መሬት ይነካና ይደፋዋል። ስለዚህ ለልጅ ዱላ ሲቆረጥለት ከደረቱ ጋር ይለካለታል፤ ሲያድግ ሌላ ይቆረጥለታል። የ2003ቱ ደንብ እውነት አለው አልን። የሚያሸንፈው ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ርዝመቱም ነው፤ ሁለት ነጥብ መቀነስ እንዲያውም ሲያንስ ነው።

ጓደኞቻችን ሳቁ፤ ተረታንላችሁ አሉ። እኛ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ያልተናገርነው ነገር ነበር።

አያታችን ቤት አንዲት ውጅግራ ተሰቅላ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ የ1874 ግራ ጠመንጃ ናት፤ ርዝመቷ 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ በላይ። አሥር ዓመት ሲሆነን፣ ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ አወረድናት። አንዳችን ሰደፏን ብብቱ ሥር ወሸቀ፤ አፈሙዟ ምድጃው አመድ ውስጥ ተተከለ። አያታችን ደረሱብን። አልመቱንም። ጠመንጃዋን አቁመው ከጎኗ አስቆሙንና፣ «ቁመታችሁ ከአፈሙዟ ሲያልፍ ትነኳታላችሁ፤ እስከዚያው እሷው ራሷ ትከለክላችኋለች» አሉ። ደንብ ማለት እንግዲህ ያ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አጎታችን ክላሽ ገዙ። ክላሽ 90 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ሰደፉ ታጣፊ ከሆነ ከዚያም ያጥራል። የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን ከመደቡ ላይ ብድግ አደረገውና ትከሻው ላይ አስደገፈው። በልኩ የተሰፋለት ሱሪ መሰለ። እንግዳው ሁሉ «ወንድ ነው!» እያለ ሳቀ። እኛም ሳቅን። አያታችን ብቻ አልሳቁም። «የኔዋስ ትከለክል ነበረች፤ ይህን ማን ይከልክለው?» አሉ።

ያን ሌሊት ያሳደረን ይኸ ነው። ጨዋታው ላይ «ለትንሽ ሰው ትንሽ መሣሪያ ይሠራለት» ብለን የረታንበት ደንብ፣ እቤታችን ተፈጽሞ አይተነዋል። ማንም ለሕፃን ብሎ ክላሽ አልሠራም፤ ግን ጠመንጃ እያጠረና እየቀለለ በሄደ ቁጥር የሕፃን እጅ ገባ። የድሮው ርዝመት ሳያውቀው ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ሲነሣ በቦታው ሕግ መቆም አለበት። ሕጉማ አለ፦ በ1992 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የተቀበለችው ፕሮቶኮል 18 ዓመት ያልሞላው በውጊያ በቀጥታ እንዳይሳተፍ ያዛል። ነገር ግን ወረቀት እንደ ውጅግራ ከልጅ ጎን ቆሞ አይለካም። የሚለካው ሰው ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሰዉ፣ እኛም ጭምር፣ እየሳቀ ነበር።

በማግሥቱ ለጓደኞቻችን ይህንኑ ነገርናቸው። ሃፍሊንጉ ሙሉ ሰው ነውና የልኩን ሰይፍ ይያዝ ብለን ተስማማን። ለእረፍት አገር ስንገባ ግን የማናልፈው ነገር አለ፤ ልጁ ክላሹን ሲያነሣ እንግዳው ቢስቅም፣ እኛ አንስቅም።